ገበሬ ብዬ የጻፍኳቸው ሸክላ ሠሪ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ ደስታዬ ልክ የለውም። ጸሐፊዋ ስሜን፣ የእናቴን ስም፣ የደም ዓይነቴን እየጠየቀች በፍጥነት ስትሞላ ቆየችና እስክሪብቶዋን አየር ላይ አቆመችው።

«ብሔር?»

«ባዶ ቢተውስ?»

«ባዶማ አይሆንም። አንድ ነገር በይኝ፤ ሰው ቆሟል።»

ሰው መቆሙን አውቃለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጃንጥላው ተረከዜ ላይ ይንጠባጠባል። ግን ቶሎ የሚመልስ አፍ አጣሁ። ቅድመ አያቴ ከሰሜን ከአንድ ሹም ጋር የመጣ ሰው ነው። አያቴ እዚሁ ሶዶ ተወልዶ እዚሁ ተቀበረ። አባቴ ደግሞ ሲጸልይ በአማርኛ ነው፤ ሲናደድ የሚሳደበው በወላይትኛ። የቱ ነው እኔ? ስለ ራሴ ስጠየቅ እንዲህ የምንተባተብ ልጅ፣ የዛሬ አራት ዓመት ስለ ሌላ ሰው ሳልጠየቅ በአንዲት ቃል መልሼ አውቃለሁ። ቅጹ ላይ የሆነ ነገር አስሞልቼ ስወጣ ያ ነገር መንገዱን ሙሉ አልለቀቀኝም።

አባቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ሶዶ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና የቢራ ስም የተጻፈበት ትልቅ ጃንጥላ አለው። የዚያን ክረምት ዓይኑ መድከም ስለጀመረ፣ ትምህርት ሲዘጋ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። እሱ ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ በአማርኛ አቃንቶ ይነግረኛል፤ እኔ ካርቦን ከሥሩ አድርጌ እጽፋለሁ። ሐምሌ ስለነበረ ጠዋት ጠዋት ዳሞታ ተራራ በጉም ተጠቅልሎ አይታይም። ከመንገዱ ማዶ የተጠበሰ በቆሎ ይሸጣል። እስከ ዛሬ የካርቦንና የበቆሎ ሽታ አንድ ላይ ካልመጣ ክረምት የገባ አይመስለኝም።

አብዛኛው ጉዳይ መሬት ነው፤ ከመሬት ቀጥሎ ፍቺ። አንዳንዴ ግን አንድ ሰው ይመጣና ቁጭ ብሎ ዝም ይላል። አባቴ ጎንበስ ብሎ «ፖሊስ ነው?» ይለዋል። ሰውየው በጭንቅላቱ አዎ ይላል። እነዚህ ሰዎች ፊታቸው ያበጠ፣ ጥርሳቸው የወለቀ፣ ያለ ክስ አድረው የተለቀቁ ናቸው። የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ታሪኩን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን አደረጉት?» ብለው አይደለም። «የማን ነው?» ብለው ነው።

መልሱ ሁሉን ነገር ይለውጠዋል። የተመታው ከትልቅ ጎሳ ከሆነ «ያ ፖሊስ አልቆለታል፤ እነማንን እንደነካ አላወቀም» ይባላል። ከጋሞ ወይም ከዳውሮ የመጣ ሸማኔ ከሆነ «ሰው አገር ሲኖሩ ረጋ ማለት ነው።» እንደኛ የሰሜን ሰው ልጅ ከሆነ ድምፅ ዝቅ ይልና «ነገሩ ፖለቲካ ሳይኖርበት አይቀርም።» ሸክላ ሠሪ ከሆነ ግን ማንም ምንም አይልም። ወሬው ወደ ዝናቡ ይዞራል።

ይህን ሁሉ የማያውቀው አገር እንደገባ ሰው ሆኜ ነበር የማየው። አንድ ደብተር ገዝቼ በሦስት ዓምድ ከፈልኩት፤ የት፣ ምን ተደረገ፣ የተመታው ምንድን ነው። የአባቴን የድሮ ካርቦኖች ከሣጥን እያወጣሁ ጭምር ሞላሁት። አባቴ አንድ ቀን ከትከሻዬ በላይ አይቶ «ሐኒ፣ ይሄ ምን ይሠራልሻል?» አለኝ። «ማወቅ ፈልጌ ነው» አልኩት። «ካወቅሽ በኋላስ?» አለና መልስ ሳይጠብቅ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። እኔ ግን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ሸክላ ሠሪ የሚል የገባበት ማመልከቻ ሁሉ መልስ ሳይመጣለት ቀርቷል፤ እኔ ባገኘሁት ሣጥን ውስጥ ቢያንስ።

ወይዘሮ አለሚቱ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጀሶ ገብቶ በነጠላ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጀሶው ገና ነጭ ነበር፤ ኦቶና ሆስፒታል ታክመው ከወጡ ሁለት ቀናቸው። አግዳሚው ላይ ቦታ ነበር፤ እሳቸው ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ተራ ጠባቂዎቹም ቦታ አለ አላሉም። ወላይታ ውስጥ ሸክላ ሠሪዎችን ጭናሻ ይሏቸዋል። የሠሩት ማሰሮ የማይገባበት ቤት የለም፤ እነሱን ግን ቤቱ የሚያስገባ፣ ከቤታቸውም የሚበላ፣ ልጁንም የሚድርላቸው ስንቱ ነው? ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ ስጠይቅ «ድሮም እንዲህ ነው» ከማለት የተሻለ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም።

አባቴ «እናቴ፣ እዚህ ጠጋ ይበሉ» አላቸው። «እርስዎ» ሲላቸው አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ አየው።

በወላይትኛ ተናገሩ። የገበያዋን ስም አልጽፍም፤ ትንሽ ከተማ ናት። የገበያ ቀን የባለሥልጣን መኪና ያልፋል ተብሎ መንገድ ዳር ያለው ሻጭ እንዲነሣ ታዘዘ። አንድ ኮንስታብል መጥቶ ሸክላ ሠሪዎቹን አስነሣ። ከአጠገባቸው ያሉትን ሽንኩርት ሻጮች ግን ተዋቸው።

«እኔ ምን አልኩት መሰለህ፣ 'ሽንኩርቱስ መኪናውን አያግደውም?' አልኩት» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ። «ሰው ሳቀ። እሱ ላይ መሳቃቸው ነው መሰለኝ ያናደደው።»

«ከዚያስ?»

«ድስቶቹን በጫማው ረገጣቸው። 'ጭቃ ከጭቃ ጋር ነው' አለ። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ በዱላው የእጄን አንጓ መታኝ። ሲሰበር ሰማሁት። ድስት ሲሰበር አውቃለሁ፤ የራሴን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት።»

ለሸክላ ሠሪ ቀኝ እጅ ምን ማለት እንደሆነ ለመናገር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ገበያው ውስጥ ከቆሙት ሰዎች አንድም እጁን ያነሣ አልነበረም። አግዳሚው ላይም አንዱ «ዛሬ ከሰዓትም ሳይዘንብ አይቀርም» አለ። ይህን ስሰማ ጆሮዬ ጋለ።

አባቴ ነጥቡን ሁሉ በአማርኛ ነገረኝና ከቢሮው ውስጥ ስለተጠራ «ልክ እንዳሉት ጻፊው፤ አንብቢላቸውና ይፈርሙ» ብሎኝ ገባ። እኔ ጻፍኩ። እጅ ጽሑፌ በዚያ ቀን ያማረውን ያህል አምሮ አያውቅም። «ሥራ» ከሚለው ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። ደብተሬ ትዝ አለኝ፣ ሣጥኑ ውስጥ የቀሩት ካርቦኖች ትዝ አሉኝ፣ ዝናቡም ትዝ አለኝ። «ሸክላ ሠሪ» ብዬ ብጽፍ ይህም ወረቀት እንደነዚያ ይቀራል። «ገበሬ» ብዬ ጻፍኩ። ደግሞስ ከቤታቸው ጓሮ እንሰት አይተክሉም? ከታችም «ድስቶቼን» የሚለውን «ዕቃዬን» አደረግሁት። ብልህ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ሞቅ አለ።

አነበብኩላቸው። የገበያ አማርኛ ያውቃሉ፤ የማመልከቻ አማርኛ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔም አፈጠንኩት። አዎ እያሉ ሰሙኝ። አሻራ ሲሆን የግራ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫንኩት። ወረቀቱ ላይ የወጣው ግን መስመር የሌለው ለስላሳ ክብ ነው። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ሞከርኩ።

«አትድከሚ ልጄ» አሉኝ፤ «መስመሩን ጭቃው ወስዶታል።»

በሁለት ሳምንቱ ቃል ለመስጠት ፖሊስ ጣቢያ ተጠሩ። አባቴ በአስተርጓሚነት ሄደ፤ እኔም ጃንጥላ ያዥ ሆኜ ተከተልኩ። እውነቱን ለመናገር የጻፍኩት ነገር ሲያሸንፍ ለማየት ነበር የሄድኩት። መርማሪዋ ከዩኒፎርሟ በላይ ቡኒ ሹራብ የደረበች ሳጅን ናት። ኮንስታብሉ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጭራቅ ነበር የጠበቅሁት፤ ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ ጥፍሩን የሚበላ ወጣት ነው።

ሳጅኗ ወረቀቱን ከፊቷ አድርጋ ጠየቀች። «ሥራዎ ምንድን ነው?»

አባቴ ተረጎመ፤ መልሳቸውንም መለሰ። «ሸክላ እሠራለሁ ይላሉ።»

«እዚህ ገበሬ ይላል።»

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«ተሰበረ የተባለውም 'ዕቃ' ነው» አለች ሳጅኗ። «የምን ዕቃ? የማን? ይህን የፈረመው ሰውና እዚህ የተቀመጡት አንድ ናቸው? አሻራውም ቢሆን አሻራ አይመስልም።»

ኮንስታብሉ ፈገግ አለ። «እኔኮ ተናግሬያለሁ። ገበሬ ነክቼ አላውቅም፤ ገበያውን ጠይቁ።»

«ሐሰተኛ አቤቱታ ራሱ ያስጠይቃል» አለች ሳጅኗ፤ ፋይሉንም አጠፈችው።

እንግዲህ የሰው ሙሉ ጉዳይ በእኔ አንዲት ቃል ሊዘጋ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ አባቴ በራሱ ዓይን ያመካኛል፣ ወይዘሮ አለሚቱም ድሮም እንዲህ ነው ብለው ይሄዳሉ። ግን እግሬ ቀድሞኝ ተነሣ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «ሸክላ ሠሪ ነኝ ብለዋል። እኔ ነኝ የለወጥኩት።»

አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ። «ለምን?»

«ሸክላ ሠሪ ከተባለ አይታይም ብዬ።»

አባቴ ያልኩትን ለወይዘሮ አለሚቱ በወላይትኛ ነገራቸው። እሳቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። የቁጣ ፊት አልነበረም፤ ጠማማ ድስት አገላብጦ የት ጋ እንደተጣመመ እንደሚፈልግ ሰው ነበር ያዩኝ። ከዚያ በወላይትኛ ያሉትን እኔም ያለ አስተርጓሚ ሰማሁት። «ልጄ፣ የመታኝ ገበሬ ነሽ ብሎ አይደለም።»

ሳጅኗ ሥራው በአማርኛ ስለሆነ እንጂ ወላይታ ናት፤ እሷም ሰምታለች። ፋይሉን መልሳ ከፈተችውና ኮንስታብሉን «ገበሬ አልነካሁም አልክ። ሸክላ ሠሪስ?» አለችው። ፈገግታው የት እንደገባ አላውቅም። ለእኔ ነጭ ወረቀት ወረወረችልኝ። «እዚሁ፣ ፊቴ ጻፊው። አንድ ቃል ከራስሽ ብትጨምሪ ከዚህ የምትወጪው ከአባትሽ ጋር አይደለም።»

ጻፍኩት። ወይዘሮ አለሚቱ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ አስጻፉኝ፤ ሁለት እንስራ፣ አንዱ ጆሮው ላይ ጌጥ ያለው፣ ድስቶቹ፣ ለአንዲት ሙሽራ ታዘው የነበሩት ማሰሮዎች። የሽንኩርት ሻጮቹ ነገርም ገባ። «ጭቃ ከጭቃ ጋር» የሚለውም ገባ። ሥራ ከሚለው ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸውም ወረቀቱን እንጂ እኔን አላዩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ጠረጴዛው ጋ አላስቀመጠኝም። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ በወላይትኛ ይሆን ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ አባቴ መጡ፤ የላኳቸው የኮንስታብሉ ዘመዶች ናቸው። «ጋሽ ጥላሁን፣ ልጅ ነው፣ ተሳሳተ። ሴትየዋን አግባባልንና በእርቅ ይለቅ፤ ወረቀቱንም ታንሣ።» አባቴ ቃሉን ለወይዘሮ አለሚቱ ላከ። የመለሱት መልስ አጭር ነው፤ እርቁን እሰማለሁ፣ ግን ቤቴ ይምጡ፣ የሠራሁትንም ይብሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እኛ ለእርቅ እንጂ ለምግብ መጣን?» አለ ረጅሙ።

«እርቅ ያለ ማዕድ የት አይተዋል?» አለ አባቴ። የአገሩ ወግ ነው፤ የሚክዱት አልሆነላቸውም። እኔ በአባቴ ኮራሁ። በዚያች ሰዓት ብቻ።

እስከ ዱቦ በሚኒባስ፣ ከዱቦ ወዲያ በእግር ሄድን። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ኮንስታብሉ ያለ ዩኒፎርም፣ ባለ ጭረት ሸሚዝ ለብሶ፣ ከኋላችን ብቻውን ይመጣል። ዩኒፎርሙ የሌለ ፖሊስ ከኋላ ሲከተል ምን እንደሚመስል ደጋግሜ እየዞርኩ አየሁት፤ የጠፋበትን በግ የሚፈልግ ልጅ ይመስላል።

የወይዘሮ አለሚቱ ቤት ክብ ነው፤ በሩ ላይ ገና እሳት ያልነካቸው ማሰሮዎች በኮባ ቅጠል ተሸፍነዋል፤ ከስብራቱ በፊት የተጀመሩ፣ አንገት ያልወጣላቸው። ገብተን ተቀመጥን። ገብስማ በሆነው ጀሶ ደግፈው፣ በግራ እጃቸው አንድ ሰፊ የሸክላ ሳህን አቀረቡ። ሙቹዋ ነው፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ ያብረቀርቃል፣ ዳር ዳሩን ዳታ በርበሬ አለ። ሽታው ብቻ ያስርባል።

ማንም እጁን አልዘረጋም።

ሽማግሌዎቹ ሳህኑን ሳይሆን ጣራውን ያያሉ። እኔ አባቴን አየሁት። ሃያ ዓመት የእነዚህን ሰዎች በደል የጻፈ፣ «እርስዎ» ያላቸው ሰው ነውና እሱ ይጀምራል ብዬ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳ... ፍልሰታ ነው። ጾም ላይ ነን።»

እውነቱን ነው፤ ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹ ጾም ነበር። ግን ድምፁን አወቅሁት። ለቢሮ ኃላፊ ሰበብ ሲያቀርብ የሚጠቀምበት ድምፅ ነው። አባቴ ከሸክላ ሠሪ ቤት ውሃ እንኳ ጠጥቶ እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ። ደብተሬ ውስጥ የእሱን ዓይነት ሰው የማስገባበት ዓምድ አልነበረም።

ወይዘሮ አለሚቱ ተነሡ። ወደ ጓዳ ገብተው ሌላ ትንሽ ሳህን ይዘው ወጡ። «ጾመኛ መሆናችሁን አውቃለሁ» አሉ፤ «ይሄ በዘይት ነው። ማንኪያውም ቅቤ አልነካውም።» ቆጮና ጎመን ነበር። አባቴና እኔ ፊት አስቀመጡት።

በዚህ መሐል የመጀመሪያውን ጉርሻ ያነሣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኮንስታብሉ። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ከራበው ይሁን፣ ከጨነቀው፣ ወይስ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ፣ አላውቅም፤ ሙቹዋውን ጎርሶ ዳታው ስላቃጠለው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁለተኛም ጎረሰ። እጅ የሰበረው ሰው በልቶ እጅ ያልሰበሩት ተቀምጠው ያዩታል። እኔ ከትንሹ ሳህን ጎረስኩ። ከዚያ አባቴ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያየኝ። አጭሩ ሽማግሌ «እግዚአብሔር ይባርከው» አለና እጁን አስገባ፤ ረጅሙም ብቻውን ሲቀር አልቻለም። ሳህኑ ባዶ ሆነ።

ኮንስታብሉ ተነሥቶ ጎንበስ አለና ይቅርታ ጠየቀ። ወይዘሮ አለሚቱም ይቅር ብያለሁ አሉት። ረጅሙ ሽማግሌ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ «እንግዲህ ወረቀቷ ትነሣ» አለ።

«ወረቀቷ እዚያው ትቆይ» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ።

«እንዴት? ታርቀናል እኮ።»

«ታርቀናል። ቂም የለኝም። እጄን የሰበረው ግን የመንግሥት ዱላ ነው፤ የመንግሥትን ዱላ እኔ ምን ብዬ ይቅር እላለሁ?»

«በልተናል እኮ» አለ ሽማግሌው፤ ትልቅ ነገር የተወሰደበት ይመስል።

«ጣፈጣችሁ?» አሉት።

አባቴ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። ስንመለስ ጭቃው ውስጥ ብዙ ከሄድን በኋላ «ጣፍጦ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በማግሥቱ ጠረጴዛው ጋ ወንበሬን ይዞልኝ ጠበቀኝ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንዳንዱ ታሰረ ይላል፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ እንጂ አልታሰረም ይላል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ከዚያ ወዲህ በዚያች ገበያ አለመታየቱን ነው። የወይዘሮ አለሚቱ አንጓ ድኗል፤ እንደ ድሮው ግን አይዞርም። ስለዚህ አሁን የሚሠሩት ማሰሮ አንገቱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቤታችን አንድ አለን፤ ገዝተን ነው።

ደብተሬን አልጣልኩትም። ዓምዶቹን ግን ሳያቸው አንድ ነገር ይከነክነኛል። የተመታው ምንድን ነው ብዬ ያን ሁሉ ስጠይቅ፣ የመታው ሰው ዱላውን ከማንሣቱ በፊት የተመታውን ምን አድርጎ እንደቆጠረው ለምን አልጠየቅሁም? ያንንስ ማን አስተማረው? አግዳሚው ላይ ስለ ዝናብ የሚያወሩት ሰዎች? እኔስ «ገበሬ» ብዬ ስጽፍ ከእነሱ የተሻለ ምን አደረግሁ? መልሱን ገና አላገኘሁትም፤ ግን መፈለጉ ደስ ይለኛል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛው የእኔ ነው። ሥራ፣ ብሔር፣ ጎሳ ከሚለው ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሰውየውን አያለሁ። ብዙዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ፊቴን ያነባሉ፤ የትኛው መልስ እንደማይጎዳቸው ከእኔ ሊረዱ ነው። በዚያች ጊዜ ፊቴ ምንም እንዳይላቸው እታገላለሁ፤ ከጽሑፉ ይልቅ ይሄ ነው የሚያደክመኝ። ራሳቸው እስኪናገሩ እጠብቃለሁ። ያሉኝን እጽፋለሁ፤ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ቀስ ብዬ፣ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።